የአባቴ አሮጌ አንቴና ጣሪያ ላይ ቀርቷል፤ ይጣል ወይስ ይሠራል?

የጣሪያ_ጠባቂ

ሰላም ለሁላችሁ። ጣሪያችን ላይ አባቴ የሰቀለው አሮጌ አንቴና አለ። 35 ዓመት ሳያልፈው አይቀርም። ያ የዓሣ አጥንት የሚመስለው። ከኋላ ረጃጅም ዘንጎች አሉት፤ ወደፊት እየመጡ ያጥራሉ። ከፊት ካሉት ሁለቱ ተሰብረዋል። አንዱን ወፎች ሲቀመጡበት ኖረው አጉብጠውታል። ከሱ የሚወርደው ጠፍጣፋ ቡናማ ሽቦ ደግሞ እንደ ደረቀ ቆዳ ተሰነጣጥቋል።

ልጅ ሆኜ አባቴ ጣሪያ ላይ ሆኖ ምሰሶውን ያዞራል፣ እናቴ መስኮቱ ጋ ትቆማለች፣ እኔ ቲቪው ፊት እቀመጣለሁ። "መጣ?" ይላል። "መጣ!" እላለሁ። እናቴ ተቀብላ "መጣ!" ትላለች። ድምፁ እሱ ጋ እስኪደርስ ምስሉ ሄዷል።

አሁን በየወሩ መክፈል ሰልችቶኛል። በአየር በነፃ የሚለቀቁትን ዲጂታል ቻናሎች ማየት እፈልጋለሁ። ልጄ "አባዬ፣ ይሄ እኮ ሙዚየም ነው የሚገባው" ይለኛል። አንድ ሻጭ ደግሞ "ዲጂታል አንቴና ካልገዛህ አይሆንም" አለኝ። የማሰራጫው ማማ ከኛ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ምን ትላላችሁ?

አዲስ_ለአዲስ

ወንድሜ ምን ያደክምሃል? አውርደህ ለቁራሌው ስጠው። እኔ እንደ ወረቀት የሳሳች መስኮት ላይ የምትለጠፍ ገዝቻለሁ። ካርቶኑ ላይ "እስከ 500 ኪሎ ሜትር ትስባለች" ይላል።

ሰባአምስት_ኦም

አዲስ_ለአዲስ፣ 500 ኪሎ ሜትሩን ካርቶኑ ላይ ተወው። መሬት ክብ ናት። የቲቪ ሞገድ ከአድማስ በታች ብዙም አይወርድም። ግምቱ ቀላል ነው። የማማውን ከፍታ በሜትር ወስደህ ስኩዌር ሩቱን አውጣ። የአንቴናህንም እንዲሁ። ሁለቱን ደምረህ በ4.12 ብታባዛ ኪሎ ሜትሩን ታገኛለህ። ማማው 300 ሜትር፣ አንቴናህ 9 ሜትር ከሆነ 84 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በላይ የሚመጣው የአየሩ ጠባይ ሲያግዝ ብቻ ነው፤ ዛሬ መጥቶ ነገ ይጠፋል።

አሁን ወደ ጠያቂው። "ዲጂታል አንቴና" የሚባል የተለየ ነገር የለም። አንቴና ሞገድ ይይዛል እንጂ ሞገዱ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ አያውቅም። አናሎግ ሆነ ዲጂታል፣ ጥቁርና ነጭ ሆነ ባለቀለም፣ ለብረቱ አንድ ነው። ዲጂታሉን የሚፈታው ቲቪው ወይም ሪሲቨሩ ነው። አንቴናውን የሚያሳስበው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ሞገዱ ስንት ሜትር ነው?

300ን በቻናሉ ፍሪኩዌንሲ (በሜጋኸርዝ) ስታካፍል የሞገዱን ርዝመት በሜትር ታገኛለህ። የዘንጉ ርዝመት የዚያ ግማሽ፣ ከዚያም ትንሽ ቀነስ ያለ ነው። 55 ሜጋኸርዝ ላይ 2 ሜትር ከ60 ገደማ ይሆናል። 200 ላይ 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ፤ 500 ላይ ከ30 በታች። ያንተ ረጃጅምና አጫጭር ዘንጎች ለዚህ ነው የተደረደሩት። አሉሚኒየም ደግሞ ሜትሩን በእድሜ አይቀንስም።

ስለዚህ ሳትወረውረው በፊት ሁለት ነገር አድርግ። ዘንጎቹን በሜትር ለካ። በአካባቢህ የሚለቀቁት ቻናሎች በስንት ሜጋኸርዝ እንደሆኑ እይ።

የጣሪያ_ጠባቂ

እሺ ጋሼ፣ ወጥቼ ለካሁ። ሚስቴ መሰላሉን ይዛ ስትቆጣኝ ነበር፤ ስለዚህ በጥድፊያ ነው። ትልቁ ዘንግ ከጫፍ ጫፍ 2.60 ሜትር። ከፊት ያለው ትንሹ 16 ሴንቲ ሜትር። አጠቃላይ ርዝመቱ ወደ 3 ሜትር። ረጃጅሞቹ ቀጥ ያሉ አይደሉም፤ ሁለቱ ክንፎች ወደፊት ሸብረክ ብለው የቪ ቅርጽ ሠርተዋል። ንፋስ አጉብጧቸው ይሆን?

ቻናሎቹን አየሁ። ሁለቱ ዩኤችኤፍ (ላይኛው የቲቪ ሞገድ ክልል) ናቸው፣ 530 እና 578 ሜጋኸርዝ። አንዱ ግን ቪኤችኤፍ (ዝቅ ያለው ክልል) ነው፣ 191.5።

ማዕበል_ቆጣሪ

እኔ ደግሞ ትንሽ ቀዝቃዛ ውኃ ላፍስ። አሮጌ አንቴና ሲባል ሁሉም "ድሮ የተሠራ ነገር ጠንካራ ነው" ይላል። እውነታው ግን ያ ሁሉ ብረት ግማሹ ሥራ ፈት ነው። 2.60 ሜትሩ ለታችኛው ቪኤችኤፍ ነው፤ ከ50 እስከ 88 ሜጋኸርዝ። ብዙ ቦታ ዲጂታል ሲመጣ ያንን ባንድ ትተውት ወጥተዋል። ሞገዱ ረጅም ስለሆነ የኤሌክትሪክ ጫጫታ ይረብሸዋል።

የቲቪው ባንድ ከላይም ተቆርጧል። የድሮው አንቴና አውሮፓ ውስጥ እስከ 862 ሜጋኸርዝ ታስቦ ነው የተሠራው። ያ ወደ 790፣ ከዚያ ወደ 694 ወረደ። አሜሪካ ደግሞ ከ890 ጀምራ በደረጃ እስከ 608 አውርዳዋለች። የተቆረጠው ለስልክ ተሰጠ። የዚህ ዓይነት ሁሉን ልያዝ ባይ አንቴና ደግሞ ዩኤችኤፉ ላይ ደካማ ነው፤ ሁሉን ሊይዝ ሲል አንዱንም አጥብቆ አልያዘም። ለዩኤችኤፍ ብቻ የተሠራ፣ ከሱ ግማሽ የማይሞላ አዲስ አንቴና ይበልጠዋል። እኔ ብሆን ረጃጅሞቹን በመጋዝ ቆርጬ እጥላቸው ነበር።

ሰባአምስት_ኦም

ማዕበል_ቆጣሪ፣ ከመቁረጡ በቀር ያልከው ትክክል ነው። ዩኤችኤፉ ደካማ መሆኑን አልክድም። መጋዙን ግን አስቀምጥ።

የቪ ቅርጹ ንፋስ አይደለም። ሆን ተብሎ ነው። አንድ ዘንግ በተሠራለት ፍሪኩዌንሲ ብቻ ሳይሆን በሦስት እጥፉም ይንቀጠቀጣል። ለ65 ሜጋኸርዝ የተቆረጠው ዘንግ 195 ላይም ሕይወት አለው። ችግሩ፣ ቀጥ ያለ ከሆነ በሦስት እጥፉ ሲሠራ የሚሰማበት አቅጣጫ ይበታተናል። ክንፎቹን ወደፊት ሸብረክ ስታደርጋቸው ግን የተበታተነው ወደ አንድ ተሰብስቦ ፊት ለፊት ይመለከታል። የጠባቂው 191.5 የሚመጣው በነዚያ "ሥራ ፈት" ባልካቸው ዘንጎች ነው። ብትቆርጣቸው ቻናሉን አብረህ ትቆርጠዋለህ።

ጠባቂ፣ ንፋስ ያጎበጠውን ከተሠራበት መለየት ከፈለግህ ከታች ሆነህ ግራና ቀኙን እይ። ሁለቱ እኩል ከታጠፉ የፋብሪካ ነው።

ማዕበል_ቆጣሪ

ተሸነፍኩ 😄 ሦስት እጥፉን ረስቼው ነበር። ግን በዩኤችኤፉ ላይ ቃሌን አላጥፍም።

ፒንሳ_ይዛ

እኔ ወደ እጅ ሥራው ልምጣ። ባለፈው ዓመት የአክስቴን አውርጄ አድሻለሁ። ብረቱ ምንም አልሆነም። የሞተው መገጣጠሚያው ነው።

አሉሚኒየም ላይ የሚወጣው ግራጫ ነገር አያስፈራህ። ስስ ሽፋን ነው፤ ሞገዱን አይከለክለውም። ዘንጉን እንደ ድስት መፈግፈግ የለብህም። ግን ያው ሽፋን ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ ሁለት ብረት በሚነካካበት ቦታ ሲገባ መርዝ ነው። የድሮዎቹ ዘንጎች በሪቬት ነው የተያዙት። ንፋስ ዘንጉን በየቀኑ ሲያወዛውዘው ሪቬቱ ይላላል፤ በላላው ውስጥ ውኃ ይገባል፤ ከዚያ ሽፋኑ ይሠራል። ከታች ስታየው ዘንጉ ተሰቅሏል። ለሲግናሉ ግን የለም።

አንድ በአንድ ያዝና ወዝወዝ አድርገው። የሚንቀጫቀጭ ካለ መገናኛውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍግ፣ ከሪቬቱ ጎን ብስና በማይዝግ ቪቴ እሰር። የመዳብ ሽቦ አሉሚኒየሙ ላይ በቀጥታ አትሰር፤ ውኃ ሲነካቸው አሉሚኒየሙ ይበላል። መሃሉ ላይ የማይዝግ ራንዴላ ይግባ።

የተሰበሩት ሁለቱ ከፊት ከሆኑ ብዙ አትዘን። ከፊት ያሉት አጫጭሮች ሲግናሉን መሪዎች ናቸው እንጂ ሽቦው ጋ የተያያዙ አይደሉም። አንድ ሁለት ቢጎድል ትንሽ ይቀንሳል፤ ሞት የለውም። ሽቦው የሚታሰርበት ዘንግ ቢሰበር ነበር ጉዱ።

ሰነፍ_ጣት

እኔ ይሄን ሁሉ አንብቤ የተረዳሁት፣ ወፎቹ ከኔ የተሻለ ሲግናል አላቸው።

የጣሪያ_ጠባቂ

እህቴ አመሰግናለሁ! ጠፍጣፋው ሽቦስ? እሱንም ላድሰው ወይስ ልለውጠው?

ፒንሳ_ይዛ

ለውጠው! ሌላውን ሁሉ ብትተው እሱን አትተው።

ያ ጠፍጣፋ ሽቦ በዘመኑ ጎበዝ ነበር። ደረቅና አዲስ ሆኖ አየር ላይ ሲንጠለጠል ሲግናል እምብዛም አያባክንም። ግን ቆርቆሮ ጋ ሲጠጋ ወይም ሲረጥብ ይበላሻል። ፀሐይ የሰነጠቀው ደግሞ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ባለ 75 ኦሙን ክብ ኬብል አድርግ፤ አርጂ6 የሚባለውን። 30 ሜትሩ በዩኤችኤፍ 5 ዴሲቤል ገደማ ይበላል። 3 ዴሲቤል ማለት ግማሹ ሄደ ማለት ነው፤ ስለዚህ አታርዝመው። ትርፍ ኬብል ጠቅልለህ ከቲቪው ኋላ አትቆልል።

ሰባአምስት_ኦም

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የአንቴናው አፍ 300 ኦም ነው። ኬብሉ 75። በቀጥታ ካሰርከው አይግባቡም፤ ሲግናሉ ከፊሉ ተመልሶ ይሄዳል። መሃል ላይ ባሉን የሚባል ትንሽ ማዛመጃ ይገባል። የአውራ ጣት ያህል ነው። በአንድ ወገን ሁለት አጫጭር ሽቦዎች አሉት፣ በሌላ ወገን የኬብል ጃክ ይቀበላል። ለውጭ የሚሆን ውኃ የማያስገባ ግዛ።

ኬብሉን በቴስተር መፈተን ትችላለህ። ሁለቱንም ጫፍ ፍታና በመሃለኛው ሽቦና በውጭኛው መረብ መካከል ኦሙን ለካ። ግንኙነት ማሳየት የለበትም። ካሳየ ውስጥ ውስጡን ተነካክቷል ወይም ውኃ ገብቷል። ከዚያ ባሉኑን ከላይ አስረህ እንደገና ከታች ለካ። አሁን ደግሞ ወደ ዜሮ መውረድ አለበት፤ አብዛኛው ባሉን ውስጡ ጥቅል ሽቦ ነውና። ካልወረደ የሆነ ቦታ ተበጥሷል።

አዲስ_ለአዲስ

የምትለጠፈዋ ሁለት ቻናል ያዘች። ሦስተኛው ሰው በፊቷ ሲያልፍ ይደርቃል። ልጆቹን አትንቀሳቀሱ ብዬ አስቀምጫቸዋለሁ።

ግን አንድ ነገር ግራ ገባኝ። ድሮ ሲግናል ሲደክም ምስሉ ነጭ ነጥብ ይርመሰመስበታል፣ ጥላ ይኖረዋል፣ ግን ይታያል። አሁን ወይ ጥርት ይላል ወይ ጭራሽ የለም። ድሮ አይሻልም?

ሰባአምስት_ኦም

አይሻልም፣ ግን ጥያቄህ ጥሩ ነው። አናሎግ ቁልቁለት ነበር። ቀስ እያለ ይወርዳል። ዲጂታል ገደል ነው። ጫፉ ላይ ቆመህ ሁሉ ሰላም ነው፤ አንድ እርምጃ ወደኋላ ስትል የለህም። ስለዚህ ምስሉ ጥርት ስላለ ብቻ ሲግናልህ ጥሩ ነው ማለት አትችልም። ገደሉ ጠርዝ ላይ ትሆናለህ። ሰው ያልፋል፣ አበቃ።

ለአሮጌ አንቴና ግን ይሄ መልካም ዜና ነው። አናሎግ ንጹሕ ምስል ለማሳየት ሲግናሉ ከጫጫታው 40 ዴሲቤል ያህል መብለጥ ነበረበት። ለዲጂታል እንደ አሠራሩ ከ15 እስከ 20 ይበቃዋል። በአባትህ ዘመን ነጥብ የሚርመሰመስበት ቻናል ዛሬ በዚያው አንቴና መስታወት መስሎ ሊመጣ ይችላል።

ሰነፍ_ጣት

ለመሆኑ ይሄን የዓሣ አጥንት ማን ፈለሰፈው?

ማዕበል_ቆጣሪ

ጃፓኖች። ሺንታሮ ኡዳ እና ሂዴትሱጉ ያጊ፣ ሴንዳይ ያለው የቶሆኩ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ፣ እ.ኤ.አ. 1926። አብዛኛውን ሥራ የሠራው ኡዳ ነው፤ ስሙን የወሰደው ግን ያጊ ነው። ዛሬም ሰው "ያጊ" ብቻ ነው የሚለው። የሚገርመው አገራቸው ውስጥ ብዙም ሰው ከቁም ነገር አልጣፈውም ነበር። በ1942 ጃፓኖች ሲንጋፖርን ሲይዙ ከእንግሊዞች የራዳር ማስታወሻ አገኙ። በየገጹ "ያጊ" ይላል። ትርጉሙ ጠፋቸው። የተማረከውን የእንግሊዝ ቴክኒሺያን ሲጠይቁት፣ አንቴናውን የፈለሰፈው የራሳችሁ ሰው ስም ነው አላቸው።

የጠባቂው ግን ንጹሕ ያጊ አይደለም። ከኋላ ያለው የቪ ቅርጽ ክፍል በ1950ዎቹ መጨረሻ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተወለደው ሎግ ፔሪዮዲክ ዘር ነው። ከፊት ያጊ ተቀጥሎበታል። ዲቃላ ነው።

የጣሪያ_ጠባቂ

ዜና ይዤ መጣሁ።

መጀመሪያ ምንም ሳልነካ በአሮጌው ሽቦ ሞከርኩ። ሪሲቨሩ ላይ ጥንካሬው 40 ከመቶ፣ ጥራቱ ደግሞ ከዜሮ እስከ 20 ይዘላል። 578 ብቻ ብቅ እያለ ይጠፋል። ኬብሉንና ባሉኑን ለወጥኩ። 530 እና 578 ወዲያው ገቡ፣ ጥራት 75። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር። 191.5 ግን የለም።

ከዚያ እህቴ ፒንሳ_ይዛ እንዳለችው ዘንጎቹን ወዘወዝኩ። ከኋላ ሦስተኛው እንደ ወላቃ ጥርስ ይንቀጫቀጫል። ፈገፈግኩት፣ በቪቴ አሰርኩት። 191.5 መጣ! ጥራት 60።

አንድ ሌላ ነገር አየሁ። ምሰሶው ላይና የሚይዘው ብረት ላይ አባቴ በቀይ ቀለም የቀባው አጭር መስመር አለ። ሁለቱ ሲገጥሙ አቅጣጫው ትክክል ነው ማለት ነው። ዛሬ ትንሽ ገፋ አድርጌ ግራም ቀኝም ሞከርኩ፤ ጥራቱ ሲወርድ መስመሩ ላይ መልሼ አቆምኩት። ማማው ከቦታው አልተነሳም።

ፒንሳ_ይዛ

የቀዩን መስመር ፎቶ ላክልን እንጂ!

ምሰሶው ከመሬት ጋ ታስሯል? መብረቅ ሲመጣ እንዳይረሳ። የኤሌክትሪክ መስመር ቅርብ ከሆነ ደግሞ ያን 3 ሜትር ብረት ይዘህ ብቻህን እንዳትዞር። ሰው እንደዚያ ነው የሚሞተው።

የጣሪያ_ጠባቂ

የመሬት ሽቦው በስብሶ ነበር፤ በባለሙያ አስለወጥኩ። ምናልባት ቡስተር (ሲግናል ማጉያ) ልጨምር? 60ውን ከፍ ለማድረግ። የአባቴ ቡስተር አሁንም ሳጥን ውስጥ አለ።

ሰባአምስት_ኦም

አንቴናውን አቆይ፣ የድሮውን ቡስተር ግን እርሳው። በዚያ ዘመን 800 ሜጋኸርዝ ላይ ቲቪ ነበር። ዛሬ እዚያ የስልክ ማማ ነው ያለው፤ ምናልባት ከቤትህ 300 ሜትር ላይ። አንቴናህ እሱንም ይይዘዋል፣ ምክንያቱም 16 ሴንቲ ሜትሩ ዘንግ ለዚያ ነው የተቆረጠው። ቡስተሩ ስልኩን አጉልቶ ራሱን ያደነቁራል፣ ቲቪው ይሰጥማል። ጥንካሬው 95 ብሎ ጥራቱ ዜሮ የሚልህ እንዲህ ሲሆን ነው። የግድ ከሆነ የስልኩን የሚያግድ ፊልተር ያለው፣ ምሰሶው ላይ የሚታሰር ይሁን። ከቲቪው ኋላ የሚደረገው ኬብሉ ያደከመውን ከነጫጫታው ነው የሚያጎላው።

60 ላይ ካልተቆራረጠ ግን አትነካካው።

የጣሪያ_ጠባቂ

አልነካካሁም። ግን ከትናንት ጀምሮ ሌላ ጉድ ነው። ዝናብ ሲጥል ሦስቱም ይቆራረጣሉ። ሲያባራ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ይመለሳሉ። ደመናው ሲግናሉን ይውጠዋል እንዴ?

ሰባአምስት_ኦም

ደመና ሳተላይትን ነው የሚያስቸግረው፤ በዚህ ፍሪኩዌንሲ ዝናብ ኢምንት ነው። ካባራ በኋላ ቆይቶ ከተመለሰ የሆነ ቦታ እየረጠበ እየደረቀ ነው። ባሉኑ ጋ ያለውን ጃክ በናስትሮ ጠምጥመሃል?

የጣሪያ_ጠባቂ

በደንብ! ሦስት ዙር። ከላይ ጀምሬ ወደታች።

ፒንሳ_ይዛ

ያው ነዋ! ከታች ጀምረህ ወደላይ ነው። እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ፣ የላይኛው የታችኛውን መደረብ አለበት። አንተ እኮ ውኃው የሚገባበት ኪስ ነው የሠራኸው። ኬብሉም ጃኩ ሥር ትንሽ ወደታች ቀለበት ሠርቶ ይንጠልጠል፤ ውኃው እዚያ ይንጠብጠብ። ደግሞ ጃኩን ከፍተህ እይ፣ መረቡ አረንጓዴ ከሆነ ያን ያህሉን ቆርጠህ አዲስ ጃክ አስገባ።

የጣሪያ_ጠባቂ

ከፈትኩት። አረንጓዴ ነው። አንድ ስንዝር ቆረጥኩ። ሚስቴ መሰላሉን ይዛለች፤ ልጄ ቲቪው ፊት ነው፤ "መጣ?" እያልኩ ነው።